ውሃ የሚያነሳ አይዞህ

አማርኛ ሰውን የሚያበረታበት ቃል ሞልቶታል፤ በርታ፣ ጎሽ፣ ጠንከር በል፣ ጎበዝ። በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፋው ግን «አይዞህ» ነው። ፈተና የወደቀውን ጓደኛ አይዞህ እንለዋለን። ከሥራ የተቀነሰችውን እህት አይዞሽ እንላታለን። ከታክሲ ሲወርዱ እግራቸው የተሰናከለባቸውን፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸውን አዛውንት አይዞዎት እንላለን። አንዳንዴ እንዲያውም መናገራችን ራሱ አይታወቀንም፤ እንደ «ደህና አደርክ» አፋችን የለመደው ነገር ነው።

ይህን ቃል እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው አጠቃቀማችን የሚያሳስበኝ። ላነሳው የምፈልገው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሌላውን ሰው «አይዞህ፣ ግባበት» ለማለት የሚያበቃን ምንድን ነው? የድፍረቱን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። እኛ ከዳር ቆመን ስናበረታታውስ በእኛ ላይ የሚቀር ዕዳ የለም?

ጥያቄው የመጣብኝ ማበረታቻ እንዲህ በረከሰበት ጊዜ ላይ ስላለን ነው። ጠዋት ዓይናችንን በደንብ ሳንገልጥ ቴሌግራም ላይ ሦስት ጥቅስ ይጠብቀናል። ቲክቶክ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ እየተንጎራደደ «ትችላለህ!» ይላል፤ ከኋላው የፊልም ሙዚቃ አለ። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ክፉ ጠዋት ላይ አንድ ጥሩ ቃል ሰውን ከአልጋው ያስነሳል፤ እኔንም አስነስቶኝ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው ከተነሱ በኋላ ነው። ያነቃን ሰውዬ የቤት ኪራይ አይከፍልልንም፣ ሲቪያችንን አያይልንም፣ ብንወድቅም መውደቃችንን አይሰማም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባል የለ።

አይዞህ፣ አትፍራ፣ ግፋ በለው

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «አይዞህ» እና «አትፍራ» አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አትፍራ ትእዛዝ ነው፤ ፍርሃትን ይከለክላል። አይዞህ ግን የሚያስፈራ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ያምናል። ምንም ያልሆነን ሰው በድንገት አይዞህ ብትሉት «ኧረ ምን ሆንኩ?» ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ አይዞህ የሚል ሰው ሳያውቀው አንድ ነገር መስክሯል፤ «ያለህበት ነገር ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ» ብሏል። ካየ ደግሞ አላየሁም ማለት አይችልም። ዕዳው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልብ የምለው ነገር አለ። አይዞህ ያለ ሰው አይቆምም። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ የተወሰነ ሰው አለ፤ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዟችሁ። ከሁሉም የምወደው ደግሞ «አይዞን» ነው። እዚያ ውስጥ ተናጋሪው ራሱም አለበት።

አይዞህን የሚመስል፣ ግን ሌላ የሆነ ነገርም አለን፤ «ግፋ በለው»። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ዙሪያውን ከበው የሚያጋግሉትን አስቡ። እነሱም እኮ እያበረታቱ ነው። ድምፃቸው ከማንም ይበልጣል። የሚወልቀው ጥርስ ግን የእነሱ አይደለም፤ ፖሊስ ሲመጣ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። አይዞህ ባይና ግፋ በለው ባይ የሚለዩት በሚናገሩት ቃል አይመስለኝም፤ ቃሉ አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለዩት ነገሩ ሲበላሽ የት እንደሚገኙ በማየት ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ማበረታቻ ብለን የምንጋራው ስንቱ አይዞህ፣ ስንቱ ግፋ በለው እንደሆነ ለየራሳችን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

እንስራ የተከተለው ቃል

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ እቴጌ ጣይቱ በእግራቸው እየሄዱ፣ ሲያመነታ ያዩትን ወታደር እያበረታቱ እንደነበር የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበውታል። ይህን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ በቲያትሩም በንግግሩም ይነሳል። ብዙም የማይነሳው ሌላው ክፍል ነው። በሰፈሩ የነበሩት ሴቶች በእንስራ ውሃ እየያዙ ለሚዋጋውና ለቆሰለው እንዲያደርሱ ያሰናዱትም እሳቸው ናቸው።

እቴጌ የውሃን ዋጋ ያውቁ ነበር። ከዓድዋ በፊት መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሲከበብ፣ የውሃው ምንጭ ይያዝ የሚለው ሐሳብ የእሳቸው እንደነበር ይነገራል። ምሽጉ በዚያው ወር፣ በጥር፣ ተለቀቀ። ከጠላት ላይ ውሃ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው፣ የራሱ ወታደር በፀሐይ ተራራ ለተራራ ሲዋጋ ምን እንደሚያስፈልገው አይጠፋውም። ንግግር ልብ ያሞቃል፤ ቀኑ ሲረዝም ግን ጉሮሮ ይደርቃል።

አማርኛ የማያሳምንን ምክንያት «ውሃ አያነሳም» ይለዋል። እኔም ማበረታቻን በዚሁ መለካት ጀምሬያለሁ። ቃሉን ተከትሎ የሚመጣ እንስራ አለ ወይስ የለም?

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰው ሲሞት እድርተኛው አይዟችሁ እያለ የሚመጣው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ይዞ ነው። የሚያጽናና ንግግር የማይችለው ጎረቤት ውሃ ይቀዳል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ያድራል። ደቦ ላይ ዘፈን የሚያወጣው ሰው ራሱም ማጭድ ይዟል፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ «በርቱ» የሚል አውራጅ ማንም አይቀበለውም። አያቶቻችን ስለ ማበረታታት መጽሐፍ አልጻፉ ይሆናል፤ ሥርዓቱን ግን ሠርተውት ሄደዋል።

ባዶ አይዞህ የሚጎዳው

«ባዶ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ካልጠቀመ ይቅር» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን የሚጎዳ ይመስለኛል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በሁለቱም ዓመታት ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ያኔ ከሰማናቸው ድምፆች አንዱ ተሳላቂው ነበር፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ዓይነት ስለሆነ አልፈዋለሁ። ሌላው አበረታቹ ነበር፤ «ከወሰንክ ትችላለህ፣ ሁሉም በእጅህ ነው» የሚለው።

ሁለተኛው ከአንደኛው የሚሻል ይመስላል። ግን ቀስ ብለን እንየው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የፊዚክስ መምህር ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ በሚመደብበት ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ «ሁሉም በእጅሽ ነው» ስትባል ምንድን ነው የምትሰማው? ሁሉም በእጄ ከሆነ፣ መውደቄም በእጄ ነው። በቃ። ያልተመደበው መምህር፣ ያልደረሰው መጽሐፍ፣ በየጊዜው የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ከሒሳቡ ወጡ፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ከ100 ተማሪ 96ቱ በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሆነው ሊገኙ እንደማይችሉ ልባችን ያውቀዋል። ቢሆንም ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ስናወራ ሰነፍ እንደሆኑ አድርገን ነው የምናወራው።

የባዶ አይዞህ ጉዳት ይህ ነው። በብዙ ትከሻ ላይ መቀመጥ የነበረበትን ሸክም ሰብስቦ አንዱ ላይ ይጭናል፤ ከዚያም «ጠንክር» ይለዋል። የሚያበረታታ መስሎ ይፈርዳል።

ተቃራኒውም ወጥመድ እንዳለው አውቃለሁ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው» ብለን ብንተዋት ግማሽ እውነት ነግረን እዚያው አስቀመጥናት ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የተጀመረውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ተማሪው «ሪሚዲያል» የሚለውን፣ አስቡት። በአፈጻጸሙ ላይ ብዙ ሊባል ይችላል። ሐሳቡ ግን ውሃ ያነሳል፤ ውጤትህ አልደረሰም፣ የጎደለህን መጥተህ ተማር፣ ከዚያ እንደገና ትፈተናለህ። እውነቱን አልደበቀም፣ በሩንም አልዘጋም። ለአንድ ሰው የምንሰጠው አይዞህም በትንሹ ይህን ቢመስል እላለሁ።

ደፋር ማለት

ድፍረት ስንል ራሱ ምን ማለታችን ነው? አማርኛ እዚህ ጋ ጠንቃቃ ነው። ጀግና መባል ሁልጊዜ ሙገሳ ነው። ደፋር መባል ግን እንደ ተናጋሪው ቃና ነው። ወንዱ ልጅ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲሄድ ደፋር ይባላል፤ ሴቷ ልጅ ቤተሰብ በተሰበሰበበት «እኔ አልስማማም» ስትል እሷም ደፋር ትባላለች። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚከተለው ግልምጫ ግን ለሁለቱ አይደርስም። ስለዚህ «ደፋር ሁኚ» ብሎ የሚመክር ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዋጋው ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ ነው።

አርስቶትል ጀግንነትን የሚያስቀምጠው በፈሪነትና በግብታዊነት መካከል ነው። በእሱ አስተሳሰብ ጀግና ማለት ምንም የማይፈራ ሰው አይደለም፤ መፍራት ያለበትን ነገር፣ በሚገባው መጠን የሚፈራ፣ ግን ስለ መልካም ነገር ሲል የሚጸና ነው። ይህ ለአበረታቾች ትልቅ ትምህርት አለው። ሰውን ማበረታታት ማለት ፍርሃቱን ማጥፋት ከሆነ፣ አንዳንዴ የሚጠብቀውን ነገር ነው የምናጠፋበት።

አንድ የማውቀው ልጅ የባንክ ሥራውን ለቅቆ ዶሮ እርባታ ሊገባ አሰበ። ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ጠረጴዛው በሙሉ «ግባበት! ሕይወት አጭር ናት!» አለ። አንዷ ብቻ ስልኳን አውጥታ ካልኩሌተሩን ከፈተች። የስንት ወር ወጪ አስቀምጠሃል? መኖ ቢወደድስ? ጫጩቶቹ ቢታመሙ ሐኪም በቅርብ አለ? ሌሎቹ «አንቺ ደግሞ ተስፋ አታስቆርጪው» ብለው ሳቁባት። እሷ ግን ሁለት ቅዳሜ አብራው ሄዳ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎችን አነጋገረች። በመጨረሻ ልጁ ሥራውን ሳይለቅ በ50 ጫጩት ጀመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ከሚለው ተረት ያዳነችው ያቺ ጥያቄ የምታበዛው ልጅ ናት። ከጠረጴዛው ዙሪያ እውነተኛዋ አይዞህ ባይ ማን ነበረች ብትሉኝ፣ ያለ ጥርጥር እሷ እላለሁ።

አብሮ የሮጠ ሰው

እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ 37 ዓመቷ ነበር። ብዙ ሰው ዘመኗ አልፏል ብሎ ነበር። ከአጠገቧ የምትሮጠው የቀደሙትን ሁለት ዓመታት እዚያው ያሸነፈችው እንግሊዛዊት ፖላ ራድክሊፍ ናት። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ፖላ እግሯን አሟት ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ነይ፣ አብረን እንሂድ እያለች አበረታታቻት። መሪዎቹ እየራቁ ነበር። ፖላ ራሷ ሂጂ ስትላት ነው ደራርቱ ተነስታ ወደ ፊተኞቹ የደረሰችው። ውድድሩንም አሸነፈች።

ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ መደምደሚያው «ደግነት ይክሳል» የሚል ነው። እኔ ግን ማሸነፏን ለጊዜው ትቼው ማሰብ እፈልጋለሁ። አራተኛ ብትወጣስ ኖሮ? አይዞሽ ያለችው ቃል ያነሰ ይሆን ነበር? አይመስለኝም። ቃሉን የሚያከብደው እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ድካም ውስጥ ሆና፣ ልትከስርበት በምትችልበት ሰዓት መናገሯ ነው። ከቲቪ ፊት ተቀምጦ «አይዞሽ ፖላ» ያለ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ግን አንድ ነገር አልተናገሩም።

ሌላም አለ። ሂጂ ስትባል ሄደች። ማበረታታት የራሱ ማብቂያ አለው። የሰውየውን ሕመም ካላስተውልን፣ ማረፍ ያለበትን ሰው «ተነስ፣ ተነስ» እያልን ልንሰብረው እንችላለን።

መሪ

እስካሁን ያልኩት በጓደኛና በጓደኛ መካከል ስላለው ነው። ነገሩ የሚከብደው አበረታቹ ሥልጣን ሲኖረው ነው። ሥልጣን ስል የግድ ሚኒስትር መሆን አያስፈልግም። የክፍል ተጠሪ፣ የቡድን አምበል፣ የእቁብ ሰብሳቢ፣ የታናናሾቿን ትምህርት የምትከታተል ታላቅ እህት፣ ሦስት ሠራተኛ ያላት የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ሁሉም መሪዎች ናቸው። መሪ ደግሞ ሥራው በየቀኑ ከሌሎች ድፍረት መጠየቅ ነው። ታገሡ፣ ሞክሩ፣ አዲስ ሐሳብ አምጡ ይላል።

ይህን ዓይነቱን ስብሰባ ሁላችንም እናውቀዋለን። አለቃው «በነጻነት ተናገሩ፣ አትፍሩ» ይላል። አንዷ አዲስ ሠራተኛ አምና ትናገራለች። ሐሳቡ ተሞክሮ ካልሠራ ግምገማው ላይ የሚነሳው የእሷ ስም ብቻ ነው፤ ከሠራ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የአለቃው። ከዚያ በኋላ ያ መሥሪያ ቤት ስለ ድፍረት መቶ ሥልጠና ቢሰጥ ማንም አፉን አይከፍትም። ሠራተኞቹ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

አስተዋይ መሪ ድፍረት ከመጠየቁ በፊት ለመውደቂያው ቦታ ያዘጋጃል። «ሞክሪው፤ ካልሠራ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ» ይላል፤ ቀኑ ሲደርስም ይናገራል። እንስራው ይህ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የአመራር ዘዴ ካለ እኔ አላየሁም።

ድሮ መንግሥት በራቀበት ቦታና ጊዜ ሕዝቡ ከመካከሉ የሚመርጠው የጎበዝ አለቃ ነበረው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የጎበዞች አለቃ እንጂ የፈሪዎች ጠባቂ አይደለም። ግን አንድ የታወቀ ነገር ነበር፤ ተነሱ ሲል አብሮ ይነሳል። መኪና ላይም የምንይዘውን ነገር «መሪ» ማለታችን ደስ ይለኛል። መሪ የያዘ ሰው ገደል ቢገባ ከተሳፋሪው ጋር ነው የሚገባው። አብሮ የማይገባ ከሆነ መሪ ሳይሆን ረዳት ሆኖ በር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሲብስ ዘሎ ይወርዳል።

እጄ ባዶ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ቅሬታ አለ። «እኔ ራሴ ምንም የለኝም። ገንዘብ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ታዲያ አይዞህም አልበል?» ቤሩት ወይም ጅዳ ያለች እህቱን በስልክ ከማጽናናት በቀር ምንም ማድረግ የማይችል ስንት ሰው አለ።

በፍጹም፣ በሉ። ውሃ ስል ገንዘብ ማለቴ አይደለም። እውነት መናገር ውሃ ነው። ጊዜ ውሃ ነው። የት ቢሮ፣ የትኛው መስኮት፣ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚያስፈልግ አጣርቶ መንገር ውሃ ነው። እሁድ ማታ በ2 ሰዓት እደውላለሁ ብሎ ለሁለት ዓመት አንድም እሁድ ሳያጓድሉ መደወል፣ እሱማ ወንዝ ነው። በሰው ቤት ሳምንቱን ሙሉ በሰው ትእዛዝ ለምትኖር እህት፣ የማይቀር አንድ ነገር መኖሩ ምን እንደሆነ እሷን ጠይቋት።

ሌላው ቅሬታ ከወዲያ ማዶ ይመጣል። «ጠንካራ ሰው አይዞህ ባይ አያስፈልገውም፤ አበበች ጎበናን ማን አይዞሽ አላቸው?» ይባላል። እውነት ነው፤ ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው ወይዘሮ አበበች እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄደው ረሃቡን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰብ ሲቃወማቸው ትዳርና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ የመሠረቱት ድርጅት ለብዙ ሺህ ሰዎች ደርሶ ነበር።

ይህን ታሪክ ግን እንደ አለንጋ ስንጠቀምበት ይቆጨኛል። «እሳቸው ያለ ማንም ከቻሉ አንተስ?» ማለት ታሪኩን ገልብጦ ማንበብ ነው። እዳዬ ያዩት ሕፃን «በርታ» የሚል ቃል አላስፈለገውም፤ የሚያነሳው ክንድ ነው ያስፈለገው፣ እሳቸውም አነሱት። ብቻቸውን መሆናቸው የእሳቸውን ታላቅነት ያሳያል። በዙሪያቸው ስለነበርነው ሰዎች ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። አንድ ሰው ያለ አይዞህ ባይ ጀግና መሆን መቻሉ እኛን ከአይዞህ ባይነት ነጻ አያወጣንም።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው አይዞህ ወይም አይዞሽ ብላችሁ መጻፋችሁ አይቀርም። መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ቀን ወይም ሰዓት ወይም ሥራ ያለበት መስመር። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቤት እመጣለሁ፣ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን» በሉ። የምትጨምሩት መስመር ካጣችሁ ደግሞ «ምን ላድርግልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጠብቁ። ቅዳሜ 3 ሰዓት ሲሆን ግን እዚያ ተገኙ።